የሮም ፈረስ ሥራው ምን ነበር? (እርሻ ካላችሁ ተሳስታችኋል)

ቱኒዚያ ውስጥ ሱስ የምትባል ከተማ አለች፣ በሮማውያን ጊዜ ስሟ ሃድሩሜቱም ነበር። እዛ ከመቃብር ውስጥ ከወጡት ነገሮች መሀል ስስ የእርሳስ ቅጠሎች አሉ (ብረቱን ነው የምለው እንጂ መጻፊያውን አይደለም)፣ ላያቸው ላይ የተቸከቸከ ጽሑፍ አለ፣ ጽሑፉ ደግሞ ቁርጥ ያለ መተት ነው። አንዱ ላይ ሰውዬው ጋኔኑን ማንም ሁን ማን እያለ ያስገድደዋል፦ ከዛሬ ከዚች ሰዓት ጀምረህ የአረንጓዴውንና የነጩን (የሰረገላ ውድድር ቡድኖች ናቸው) ፈረሶች አሰቃይልኝ፣ ግደልልኝ፣ ነጂዎቹን ክላሩስን፣ ፌሊክስን፣ ፕሪሙሉስን፣ ሮማኑስን አጋጭተህ ፍጃቸው፣ ትንፋሽ አታስቀርላቸው። ቅጠሉ ይጠቀለልና መቃብር ውስጥ ይከተታል፣ ያለ ዕድሜው የተቀጨ ሰው መቃብር ከተገኘማ በጣም ጥሩ ነው፣ እንደዛ ዓይነቱ ነፍስ አርፎ ስለማይተኛ መልእክቱን ቶሎ ያደርሳል ይባል ነበር።

እሺ፣ ሰው በሰው ላይ መተት ሲያሠራ ያው የታወቀ ነው፣ በጎረቤት በሬ ላይም ቢሆን ይገባኛል። በማያውቀው ሰው ፈረስ ላይ ገንዘቡን አውጥቶ መተት የሚያሠራ ሕዝብ ግን ከፈረስ ጋር ያለው ነገር ለየት ያለ ነው ማለት ነው። እኔም ይሄን ነገር መቆፈር የጀመርኩት ከዚህ ነው፣ ስቆፍር ያገኘሁት ደግሞ ከጠበቅኩት ተቃራኒውን ሆነ፤ ሮም ውስጥ ፈረስ የጉልበት እንስሳ አልነበረም ማለት ይቻላል። የገንዘብ፣ የማዕረግና የእልህ እንስሳ ነበር። ጉልበቱን የሚከፍሉት ሌሎች ናቸው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳትምታቱ።)

መጀመሪያ ሌሎቹን እንያቸው። የሚያርሰው በሬ ነው። እህል የሚፈጨው አህያ ወይ በቅሎ ነው፣ ፖምፔይ ላይ ዳቦ ቤቶቹ ግቢ ውስጥ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተጠረቡ ወገባቸው የቀጠነ ወፍጮዎች ዛሬም ቆመው ይታያሉ፣ እንስሳው እንጨቱ ላይ ታስሮ ቀኑን ሙሉ ሲዞር ይውላል፣ እንዲያውም አንደኛው ዳቦ ቤት ጋጣ ውስጥ በ79 ዓ.ም. ቬሱቪየስ ሲፈነዳ ማምለጥ ያልቻሉት የጭነት እንስሳት አጥንት እዛው ተገኝቷል። ጭነትና ረጅም መንገድ ደግሞ የበቅሎ ነው። በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት እናቴ ፈረስ ናት አለ ይባል የለ፣ ሮማውያን ግን በአባቷ አያፍሩም፣ በቅሎ ለማስወለድ የሚሆን ምርጥ አህያ በጣም ውድ ነበር፣ ስለ እርባታ የጻፉት ሰዎች ገጽ በገጽ ስለሱ ያወራሉ። ንጉሠ ነገሥት የሆነው ቬስፓስያን እንኳን አፍሪካን አስተዳድሮ ሲመለስ ኪሱ ባዶ ስለነበር በቅሎ ንግድ ውስጥ ገብቶ ሰዉ "በቅሎ ነጂው" የሚል ቅጽል ስም አውጥቶለታል። እና ያ ሰውዬ ነው ኮሎሲየምን ያስጀመረው።

ፈረስ ለምን አልሠራም የሚለው ላይ ብዙ ተብሏል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሌፌቭር ዴ ኖኤት የሚባል የፈረንሳይ ፈረሰኛ መኮንን የነበረ ሰው "የጥንቶቹ ማሰሪያ የፈረሱን አንገት ስለሚያንቀው ከባድ መጎተት አይችልም ነበር" አለና ሰዉ ሁሉ ለረጅም ጊዜ ይሄን ተቀብሎ ሲያስተምር ኖረ። በኋላ ስፕሩይት የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ በ1970ዎቹ ማሰሪያውን በጥንቱ መንገድ ራሱ ሠርቶ እውነተኛ ፈረስ ላይ አስሮ ሞከረው፣ ፈረሱ አልታነቀም። ለኔ አሳማኙ ምክንያት ከዚህ ቀለል ያለ ነው፤ ፈረስ ገብስ ይፈልጋል፣ በሬ በገለባ ይኖራል። ፈረስ ቶሎ ይታመማል፣ በቅሎ ትችላለች። ሰኮናው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፣ በምስማር የሚመታ የፈረስ ጫማ እንደዛሬው አልተለመደም ነበር፣ የነበራቸው ከእግሩ ሥር በጠፍር የሚታሰር የብረት ጫማ ነው፣ ስሊፐር በሉት፣ በሱ ደግሞ መጋለብ አይቻልም። በዛ ላይ የሮም መንገድ ድንጋይ ንጣፍ ነው። ስለዚህ ፈረስ ያለው ሰው ፈረሱን ድንጋይ ላይ ጭነት አሸክሞ አያስፈጀውም፣ ላንድክሩዘር ገዝቶ አሸዋ እንደማመላለስ ነው የሚሆንበት።

አንድ ቦታ ላይ ግን ፈረስ በእርግጥ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ሠርቷል፣ የመንግሥት ፖስታ ላይ። አውግስጦስ ያቋቋመው ነው፣ መንገዱ ላይ በየተወሰነ ርቀት እንስሳ መቀየሪያና ማደሪያ ጣቢያ አለ፣ የመንግሥት የይለፍ ወረቀት የያዘ ሰው የደከመውን ትቶ ትኩሱን ይዞ ይቀጥላል። በጠቅላላው በቀን 50 የሮማ ማይል ገደማ ይኬዳል፣ ያ ወደ 75 ኪሎ ሜትር ነው። ሲቸኩሉ ደግሞ ሌላ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9 ጢባርዮስ ወንድሙ ድሩሰስ ጀርመን ውስጥ ሊሞት ነው ሲባል ሰረገላ እየቀያየረ ቀንና ሌሊት ተጉዞ በአንድ ቀን 200 የሮማ ማይል ሄዷል፣ 300 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ ደረሰበትም። ጢባርዮስ ማለት ዮሐንስ መጥምቁ መስበክ ሲጀምር ነግሦ የነበረው ቄሣር ነው፣ ወንጌል ላይ ስሙ አለ። ይሄ ሥርዓት እንስሳውን ስለሚጨርስ በኋላ ሕግ ላይ ሕግ ወጣበት። ቆስጠንጢኖስ በ316 የመንግሥትን እንስሳ በዱላ መደብደብ ከለከለ፣ አለንጋ ወይ ጫፉ ላይ ትንሽ መውጊያ ያላት ዘንግ ብቻ። በ357 የወጣው ሕግ ደግሞ ትልቁ ሰረገላ ከ1,000 የሮማ ፓውንድ በላይ እንዳይጭን፣ በበጋ 8 በክረምት ደግሞ 10 በቅሎ እንዲጎትተው፣ በፈረስ የሚጋልበው መልእክተኛ ደግሞ ከ30 ፓውንድ በላይ እንዳይሸከም ይላል። 30 የሮማ ፓውንድ 10 ኪሎ አይሞላም። እዚህ ሕግ ላይ ራሱ አያችሁ፣ ሸክሙ ለበቅሎ ፍጥነቱ ለፈረስ።

አሁን ወደ ማዕረጉ። የሮም ጥንታዊ አደረጃጀት ላይ ሀብታሙ ዜጋ በፈረስ ይዘምታል፣ መካከለኛው በእግሩ ጋሻ ይዞ ይዘምታል፣ ድሃው ብዙም አይፈለግም። ከነዛ ሀብታሞች ለተመረጡት ፈረሱን መንግሥት ነው የሚሰጣቸው፣ "የሕዝብ ፈረስ" ይባላል። ከዛ እነዚህ ሰዎች ኤክዊቴስ ተባሉ፣ ፈረሰኞች እንበላቸው፣ ከሴናተሮቹ ቀጥሎ ያለው ሁለተኛው መደብ ሆኑ። ነገሩ የሚያስቀው ከጊዜ በኋላ ፈረሱ ቀርቶ ስሙ ብቻ መቅረቱ ነው። አባል ለመሆን መስፈርቱ 400,000 ሴስተርቲ (የሮም ገንዘብ ነው) የሚያወጣ ሀብት ነበር። ያ ስንት ነው ካላችሁ በአውግስጦስ ጊዜ አንድ ተራ ወታደር በዓመት 900 ሴስተርቲ ነበር የሚከፈለው፣ ሳይበላ ሳይጠጣ ቢያጠራቅም ከ440 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ይሄን ያሟላ ሰው የወርቅ ቀለበት ያደርጋል፣ ቀሚሱ ላይ ጠበብ ያለ ሐምራዊ መስመር ይኖረዋል፣ ግብር ሰብሳቢ፣ ነጋዴ፣ አራጣ አበዳሪ፣ የመንግሥት ባለሥልጣን ሊሆን ይችላል፣ ኮርቻ ላይ ወጥቶ ባያውቅም ግን "ፈረሰኛ" ነው። እኛ ጋስ ጦር መርቶ የማያውቅ ፊታውራሪ መች ጠፋ።

ከዚህ መደብ የወጣ አንድ ሰው ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ በጸሎተ ሃይማኖት ስሙ ሲነሳ ሰምታችኋል፣ ጴንጤናዊው ጲላጦስ። ይሁዳን እንዲያስተዳድር የተላከው ከሴናተሮቹ ወገን ስለሆነ አይደለም፣ ከፈረሰኞቹ መደብ ነበር፣ እንደዛ ዓይነት ትናንሽ ግዛቶች ለነሱ ነበር የሚሰጡት። ግብፅም እንዲሁ፣ እሷ ትንሽ ሆና ሳይሆን በጣም ሀብታም ስለነበረች አውግስጦስ ሴናተር እንዲገባባት አልፈለገም፣ ፈረሰኛ ሾመባት።

በዓመት አንድ ቀን ግን ስሙና ፈረሱ ይገናኛሉ። ጁላይ 15 ፈረሰኞቹ የወይራ ቅጠል ጉንጉን አድርገው፣ ቀይ መስመር ያለበት ሐምራዊ ልብሳቸውን ለብሰው ሰልፍ ይወጣሉ፣ በከተማው መሀል፣ በካስቶር ቤተ መቅደስ በኩል ያልፋሉ። አውግስጦስ አርጅቶ በቀረው በዚህ ሰልፍ ላይ መልሶ ሕይወት ዘራበት፣ ሽማግሌዎቹንና የአካል ጉዳት ያለባቸውን ደግሞ ፈረሳችሁን ልካችሁ እናንተ በእግራችሁ ኑ ብሎ ፈቀደላቸው። ፈረሱ ሰልፍ ላይ ተገኘ ማለት ሰውየው ተገኘ ማለት ነው።

ጦርነት ላይስ? እዚህ ጋ ሰዉ ፊልም እያየ ይሳሳታል። ሮም ዓለምን የያዘችው በእግረኛ ነው። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም የሚለው ተረት የሮም ጄኔራል የተናገረው ነው ቢባል አምን ነበር። ከካርቴጅ ጋር ሲዋጉ አንድ ሌጌዎን (የሮም ጦር ክፍል) ውስጥ ከ4 ሺህ በላይ እግረኛ እያለ ፈረሰኛው 300 ነበር፣ ለነሱም ደሞዛቸው የእግረኛው ሦስት እጥፍ ነው ምክንያቱም ፈረሱም ይበላል። ይሄ ድክመት ያስከፈላቸውን ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ216 ካኔ የሚባል ቦታ ላይ አዩት። ሮም በእግረኛ ብዛት የካርቴጁን የጦር መሪ ሐኒባልን ትበልጠዋለች፣ ሐኒባል ግን 10,000 ፈረሰኛ ነበረው፣ የሮም ወገን 6,000። የሐኒባል ፈረሰኞች የሮምን ፈረሰኛ ከሁለቱም ጎን ጠርገው ዞረው ከኋላ መጡበት፣ መሀል ላይ የታጨቀው እግረኛ መፈናፈኛ አጥቶ አለቀ። በአንድ ቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው የሞቱት። ከሐኒባል ፈረሰኞች መሀል ኑሚድያውያኑ፣ የዛሬው አልጄሪያ አካባቢ ሰዎች፣ ያለ ኮርቻ ያለ ልጓም ነበር የሚጋልቡት፣ በቀጭን ዱላና በእግራቸው ብቻ ፈረሱን ያዙታል።

ሮማውያን ከዚህ የተማሩት ትምህርት በጣም የነሱ ዓይነት ነው፤ ራሳችን ጥሩ ጋላቢ እንሁን አላሉም፣ ጥሩ ጋላቢ እንቅጠር አሉ። ከ14 ዓመት በኋላ በ202 ዛማ ላይ ያው ኑሚድያዊው ፈረሰኛ በንጉሥ ማሲኒሳ እየተመራ በሮም በኩል ቆሞ ሐኒባልን ከኋላ መታው። ከዛ በኋላ ለዘመናት የሮም ፈረሰኛ ማለት ባብዛኛው ጎል፣ እስፓኝ፣ ጀርመን፣ ትራሺያ፣ ሰሜን አፍሪካ የተወለደ ሰው ነው፣ 25 ዓመት አገልግሎ ዜግነት የሚያገኝ። የፈረሰኛውን ደረጃ ስም የያዘው ሮማዊው ሮም ውስጥ ንግዱን ያጧጡፋል፣ ፈረሱ ላይ ያለው ደግሞ ገና ሮማዊ ያልሆነው ነው።

ትምህርቱ ያልገባው ደግሞ አልጠፋም። ክራሱስ የሮም ሃብታሙ ሰውዬ በ53 (አሁንም ከክርስቶስ ልደት በፊት) እግረኛውን ይዞ ፓርቲያውያን (የዛሬው ኢራን አካባቢ ሰዎች) ላይ ዘመተ፣ ካሬ የሚባል ሜዳማ ቦታ ላይ የፓርቲያ ባለቀስት ፈረሰኞች እየጋለቡ፣ እየሸሹ እንኳን ዞረው እየወረወሩ ጠበሱት። ሮማውያኑ ፍላጻው ያልቃል ብለው ጋሻ ደርድረው ጠበቁ፣ ፓርቲያውያኑ ደግሞ ፍላጻ የጫኑ ግመሎች ከኋላ አቁመው ነበር። እሱም ሞተ ልጁም ሞተ።

እርካብ አልነበራቸውም እኮ፣ ይሄን ሳስብ ሁሌ ይገርመኛል። ኮርቻው ላይ ግን አራት ቀንድ የሚመስል ነገር አለ፣ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ፣ ጭንና ዳሌን ቆንጥጦ ይይዛል፣ አሠርተው የሞከሩት ሰዎች ያለ እርካብም ተረጋግቶ መዋጋት ያስችላል ይላሉ። መውጣቱ ነው ችግሩ፣ ጥሩር ለብሶ ዘሎ መውጣት አለበት። ፈረሶቹ ከዛሬዎቹ አጠር ማለታቸው ሳይረዳቸው አልቀረም፣ ባብዛኛው ትከሻቸው ጋ ከ130 እስከ 145 ሳንቲ ሜትር ነበሩ። ሮም የሄደ ሰው የማርከስ ኦሬሊየስን የነሐስ ሐውልት ካፒቶሊን ሙዚየም ውስጥ ይየው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ፈረስ ላይ ተቀምጦ እግሩ ባዶ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። (ያ ሐውልት ሳይቀልጥ የተረፈውም ሰዎች ቆስጠንጢኖስ መስሏቸው ነው፣ ክርስቲያን ንጉሥ ነው ብለው አልነኩትም።)

በቃ አሁን ወደ ሰርከስ፣ ማለትም ወደ ሰረገላ መወዳደሪያው ሜዳ እንሂድ፣ መተቱ ያለው እዛ ነው።

ሰርከስ ማክሲመስ ርዝመቱ 600 ሜትር ያልፋል። ስንት ሰው ይይዛል የሚለው ላይ የጥንቶቹ ራሳቸው አይስማሙም፣ አንዱ 150,000 ሲል ሌላው 250,000 ይላል፣ ትንሹን ብትወስዱ እንኳን ዛሬ ካሉት ስታዲየሞች አብዛኞቹ አይስተካከሉትም። መሀሉ ላይ ረጅም መከፋፈያ አለ፣ እላዩ ላይ አውግስጦስ ከግብፅ ያስመጣው ሐውልት ቆሟል፣ ዙር የሚቆጥሩ ሰባት እንቁላልና ሰባት ዶልፊን ተደርድረዋል፣ አንድ ዙር ሲያልቅ አንዱ ይወርዳል፣ ስኮር ቦርድ ማለት ነው። በአንድ ጫፍ 12 በር አለ። ከየበሩ ጀርባ አራት አራት ፈረስ የታሰረባቸው ሰረገሎች ቆመዋል፣ ፈረሶቹ እንጨቱን በግንባራቸው ይገፋሉ፣ ያናፋሉ። ከላይ የተቀመጠው ሹም ነጭ ጨርቅ ይጥላል፣ በሮቹ በአንዴ ይወረወራሉ።

ሰባት ዙር ነው፣ ሁሌ ወደ ግራ። ስለዚህ ወሳኙ ፈረስ በግራ ጫፍ ያለው ነው። መሀል ያሉት ሁለቱ ቀንበር ላይ ናቸው፣ ጎትተው ይሄዳሉ፣ ግራና ቀኝ ያሉት ግን በጠፍር ብቻ ነው የታሰሩት፣ ኩርባው ጋ ሲደርሱ የግራው መታጠፊያውን ድንጋይ ሊነካ ምንም እስኪቀረው ተጠግቶ፣ ግን ሳይደነግጥ፣ ፍጥነቱን ቆጥቦ መዞር አለበት፣ የቀኙ ደግሞ በሰፊው ዞሮ መድረስ አለበት። ግራው አንድ ክንድ ከራቀ ሌላው በውስጥ በኩል ገብቶ ይቀድመዋል፣ አንድ ክንድ ከተጠጋ ጎማው ድንጋዩ ላይ ይበተናል። የሰረገላው ስም በነጂው ስም ቢታወቅም ድንጋይ ላይ የሚቀረጸው የግራው ፈረስ ስም የሆነው ለዚህ ነው። ነጂው ልጓሙን በእጁ ብቻ አይዝም፣ ወገቡ ላይ ይጠመጥመዋል፣ ኩርባው ላይ በሙሉ ሰውነቱ ወደ ግራ ተደግፎ ይጎትታል። ታዲያ ሰረገላው ከተገለበጠ አራቱ ፈረሶች እሱን እየጎተቱ ይቀጥላሉ ማለት ነው፣ ለዛ ሲል ቀበቶው ውስጥ ቢላ ይይዛል፣ ጠፍሩን ለመቁረጥ፣ ከደረሰ። ግጭቱን "የመርከብ መሰበር" ነበር የሚሉት። በቀን እስከ 24 ውድድር ይደረጋል፣ እና ሰዉ መርከብ ሲሰበር ለማየትም ይመጣል፣ እንዋሽ ካላልን።

አራት ቡድን አለ፦ ቀይ፣ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ንጉሠ ነገሥቱ ዶሚቲያን ሐምራዊና ወርቃማ ብሎ ሁለት ጨምሮ ነበር፣ ብዙም ሳይቆዩ ጠፉ። ቡድን ስል የሰፈር ልጆች እንዳይመስላችሁ፣ ኩባንያ ናቸው፣ ጋጣ አላቸው፣ የእንስሳት ሐኪም፣ ልብስ ሰፊ፣ ጫማ ሰፊ፣ አሰልጣኝ፣ ውድድሩ መሀል ፈረሶቹ ላይ ውሃ የሚረጩ ልጆች ሁሉ በደሞዝ ይይዛሉ። ፈረሱን ከእስፓኝ፣ ከሰሜን አፍሪካ፣ ከሲሲሊ፣ ከቀጰዶቅያ ያስመጣሉ። ስለ እስፓኝ በኩል ፈረሶች ፍጥነት ሲያወሩ ደግሞ የዛ ሀገር ባዝራዎች ከምዕራብ ነፋስ ያረግዛሉ ብለው የሚጽፉ ቁም ነገረኛ ሰዎች ነበሩ፣ ከነፋስ የተወለደው ውርንጭላ ግን ከሦስት ዓመት በላይ አይኖርም ይላሉ፣ ማስረጃ የሚጠይቅ ሲመጣ ለማምለጥ ይመስለኛል።

ደጋፊውማ! ታናሹ ፕሊኒ የሚባለው ጸሐፊ በጣም ያናድደው ነበር፣ ለፈረሱ ፍጥነት ወይ ለነጂው ችሎታ ቢሆን ይገባኝ ነበር ይላል፣ እነሱ ግን የሚወዱት ጨርቁን ነው፣ ውድድሩ መሀል ላይ ሁለቱ ነጂዎች ማልያ ቢቀያየሩ ደጋፊውም አብሮ ይቀያየራል። እውነቱን ነው፣ ዛሬስ ምን ተለወጠ፣ ትናንት ስናሞግሰው የነበረ ልጅ ለተቃራኒው ቡድን ሲፈርም ምን እንደምንለው እናውቃለን። አጎቱ ትልቁ ፕሊኒ ደግሞ የጻፈው ይብሳል፤ ፌሊክስ የሚባል የቀዮቹ ነጂ ሞቶ አስከሬኑ ሲቃጠል አንድ ደጋፊ እሳቱ ውስጥ ዘሎ ገባ። የሌላው ቡድን ሰዎች ታዲያ ይሄ ለቀዮቹ ክብር እንዳይሆን ብለው ምን አሉ መሰላችሁ፣ "ፈልጎ አይደለም፣ የሽቶው ሽታ አዙሮት ነው የወደቀው።"

ነጂዎቹ ባብዛኛው ባሪያ ወይ ነፃ የወጣ ባሪያ ናቸው፣ በሕግ ዓይን የተናቁ፣ በሕዝብ ዓይን ደግሞ ስታር። ስኮርፑስ 2,048 ጊዜ አሸንፎ 27 ዓመት ገደማ ሲሆነው ሞተ። ክሬሴንስ የሚባለው የሰማያዊዎቹ ልጅ የሰሜን አፍሪካ ሰው ነው፣ በ13 ዓመቱ ጀምሮ በ22 ሞተ፣ ድንጋዩ ላይ የአራቱም ፈረሶቹ ስም አለ፦ ሲርሲየስ፣ አክሴፕቶር፣ ዴሊካተስ፣ ኮቲነስ። ዕድሜ የሰጠው ዲዮክሌስ ነው፣ ከዛሬዋ ፖርቱጋል አካባቢ የመጣ፣ በ18 ዓመቱ ለነጮቹ ጀምሮ ወደ አረንጓዴ ከዛ ወደ ቀይ ተዘዋውሮ 24 ዓመት ነዳ። 4,257 ጊዜ ተወዳደረ፣ 1,462 ጊዜ አንደኛ ወጣ፣ ያገኘው ገንዘብ ደግሞ 35,863,120 ሴስተርቲ ነው፣ በ42 ዓመቱ ጡረታ ወጣ። ኢንተርኔት ላይ "በዛሬ ገንዘብ 15 ቢሊዮን ዶላር" የሚል ነገር ይዞራል፣ እኔ አልወደውም፣ የዛን ጊዜ ገንዘብ ወደ ዶላር አይመነዘርም። የሚገባኝ ስሌት ይሄ ነው፦ በሱ ዘመን የአንድ ወታደር የዓመት ደሞዝ 1,200 ሴስተርቲ ስለነበር የሱ ገቢ ለ30 ሺህ ገደማ ወታደር የአንድ ዓመት ደሞዝ ይሆናል። በዛው ድንጋይ ላይ ዘጠኝ ፈረሶችን መቶ መቶ ድል እንዳደረሰና አንዱን ሁለት መቶ እንዳደረሰም ተጽፏል። የፈረሱ ሪከርድ ከሱ ሪከርድ ጎን ለጎን ነው የሚቆመው።

መተቱ በተገኘበት በሰሜን አፍሪካ ውስጥ፣ አልጄሪያ ላይ አንድ ሃብታም ሰውዬ መታጠቢያ ቤቱን ወለል በፈረሶቹ ሥዕል አስነጥፎ ነበር፣ ከአንዱ ፈረስ አጠገብ የተጻፈው "ብታሸንፍም ባታሸንፍም እንወድሃለን ፖሊዶክሱስ" ይላል። አንዱ ጋኔን ይጠራበታል፣ አንዱ ፍቅሩን ድንጋይ ላይ ይጽፍለታል።

እና አሸናፊነት ሁሌ ደግ ነገር አያመጣም ነበር። ኦክቶበር 15 ማርስ ሜዳ ላይ ሁለት ሁለት ፈረስ የሚጎትቱት ሰረገላ ይወዳደራል። ካሸነፈው ጥንድ የቀኙ ፈረስ እዛው በጦር ተወግቶ ለጦርነት አምላክ ለማርስ ይሠዋል። ጭራው ተቆርጦ ደሙ እየተንጠባጠበ በሩጫ ይወሰድና ቅዱሱ ምድጃ ላይ ይንጠባጠባል፣ ራሱ ደግሞ ዳቦ ታስሮበት ሁለት ሰፈሮች ይደባደቡበታል፣ ሱቡራ የሚባለው የድሃ ሰፈርና የቅዱስ መንገድ ሰፈር ሰዎች፣ ያሸነፈው በራሱ ሰፈር ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ለምን ያሸነፈው? ለምን ዳቦ? ሮማውያን ራሳቸው ምክንያቱን ሲጠየቁ የተለያየ ነገር ነበር የሚመልሱት፣ ትሮይ በእንጨት ፈረስ ስለወደቀች ነው የሚሉም ነበሩ። ሮማውያን ይሄን ያህል ሲቆጥሩለት የኖሩት እንስሳ ስለሆነ ነው ለአምላካቸው የሚበቃው ባይ ነኝ እኔ፣ የደከመ በሬ አይሰጡትም።

የተቀሩት ደግሞ ሐኪም ነበራቸው። በ301 ዲዮቅልጥያኖስ (አዎ፣ ዘመነ ሰማዕታት ሲባል የምናውቀው ራሱ) የዋጋ ግሽበቱ አላስቆም ሲለው የእቃና የአገልግሎት ጣሪያ ዋጋ አወጣ፣ እዛ ውስጥ የእንስሳት ሐኪሙም አለ፤ ጸጉር መሸለትና ሰኮና ማስተካከል 6 ዲናር፣ ደም ማስወጣትና ራሱን ማጽዳት 20 ዲናር። የሐኪሙ ስም ራሱ በላቲን "የበቅሎ ሐኪም" ነው፣ በቅሎ እዚህ ጋ እንኳን በስም ቀደመች።

እሺ፣ ሁላችሁም እየጠበቃችሁት ያለው ጥያቄ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ካሊጉላ ፈረሱን ቆንስል (የሮም ከፍተኛው ሹመት) አድርጎ ሹሟል ወይ? አልሾመም። ፈረሱ ኢንኪታቱስ ይባላል፣ ፈጣኑ እንደማለት። የእብነ በረድ ጋጣ፣ የዝሆን ጥርስ የገብስ ገንዳ፣ ሐምራዊ ልብስ፣ የዕንቁ ማተብ፣ ቤት ከነእቃውና ከነአገልጋዮቹ እንደነበረው የጻፈው ስዌቶኒየስ ነው፣ እሱ ደግሞ የጻፈው ካሊጉላ በ41 ከተገደለ 80 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው፣ እሱም ቢሆን ቆንስል ሊያደርገው "አስቦ ነበር ይባላል" ነው የሚለው። ብዙ ታሪክ አዋቂዎች ካሊጉላ ይሄን ብሎ ከሆነም እያሾፈ ነው ይላሉ፣ ሴናተሮቹን ፈረሴም ከናንተ አያንስም ለማለት። ፈረስ ስጦታ የሚሰጠው፣ ስም የሚቀረጽለት፣ በባለቤቱ ፈንታ ሰልፍ የሚቆም ከተማ ውስጥ ስድቡ ወዲያው ይገባል፣ አህያ ቢል ኖሮ እንደዛ አያማቸውም።

እኔን ከዛ ሁሉ የምታስቀኝ ግን ሌላ መስመር ናት፣ እዛው ጽሑፍ ውስጥ ያለች። በውድድሩ ዋዜማ ካሊጉላ ወታደሮች ይልክና ሰፈሩን በሙሉ ጸጥ ያሰኛል፣ ፈረሱ እንቅልፉ እንዳይረበሽ።